ትምህርት 14፦ ማድነቅና መግለጽ (ስለ መናፈሻ ቦታ የሚጻፍ ድርሰት)

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት አጥንታችሁ ስትጨርሱ፦
ሀ) ቦታን በማድነቅና ቦታን በመግለጽ መካከል ያለውን ልዩነት ታስረዳላችሁ፤
ለ) በ«የ» እና በ«የሚ» የሚነሡ ግሦች እንደ ቅጽል ሆነው ስምን እንዴት እንደሚያብራሩ ትለያላችሁ፤
ሐ) በአካባቢያችሁ ስለሚገኝ አንድ የመዝናኛ ቦታ ሥርዐት ያለው ድርሰት ትጽፋላችሁ።

1. መንደርደሪያ

በደሴ ከተማ በሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖር አንድ ተማሪ ስለ ጦሳ ተራራ ድርሰት እንዲጽፍ ቢታዘዝ፥ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ሲል ይጀምራል፦

«ጦሳ እጅግ ውብ፥ ማራኪና አስደናቂ ተራራ ነው። ያየው ሰው ሁሉ ይደሰታል። ውበቱ በቃላት ሊገለጽ አይችልም።»

በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ የሰዋስው ስሕተት የለም። ነገር ግን «ጦሳ» የሚለውን ስም አንሥታችሁ በምትኩ «የጎፍ» ወይም «እንጦጦ» የሚለውን አስገቡበት። ምን ተለወጠ? ምንም አልተለወጠም። ለማንም ሰው ልክ የሚሆን ልብስ ለማንም ተለክቶ አልተሰፋም፤ ለማናቸውም ተራራ የሚስማማ ድርሰትም ስለ አንዳቸው አልተጻፈም። «በቃላት ሊገለጽ አይችልም» የሚለው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ጸሐፊው የተሰጠው ሥራ በቃላት መግለጽ ሆኖ ሳለ፥ ሥራውን ሳይጀምር መተዉን ያስታውቃል።

አሁን ይህን ድርሰት በኮምቦልቻ የምትኖር አንዲት እናት አገኘችው እንበል። በመጪው እሑድ ሦስት ልጆቿንና በዕድሜ የገፉትን እናቷን ይዛ ወደ ተራራው ለመውጣት አስባለች። ልታውቀው የምትሻው ነገር ብዙ ነው። መኪና እስከ የት ይደርሳል? ዳገቱ ለአሮጊት እግር ይቻላልን? ጥላና ውሃ አለን? ከሰዓት በኋላ ብርድ ይሆናልን? ልጆች ሊቀርቡት የማይገባ ገደል በየትኛው በኩል ነው? «ውብ፥ ማራኪና አስደናቂ» የሚሉት ሦስቱ ቅጽሎች ከእነዚህ ጥያቄዎች ለአንዱ እንኳ መልስ አይሰጧትም።

እንግዲህ ማድነቅ ሌላ፥ መግለጽ ሌላ መሆኑን ልብ በሉ። የሚያደንቅ ሰው የሚነግረን ስለ ራሱ ስሜት ነው። የሚገልጽ ሰው ግን ስለ ቦታው ይነግረናል። «ገለጸ» የሚለው ግሥ «ገለጠ» ከሚለው ጋራ ዝምድና አለው፤ «ጸሐይ» «ጠሐይ»፥ «ጸጉር» «ጠጉር» እንደሚባለው ሁሉ «ጸ» እና «ጠ» ይወራረሳሉ። ስለዚህ መግለጽ ማለት የተሸፈነውን መግለጥ፥ ላላየው ሰው እንዲታየው ማድረግ ነው።

ለዚህ ትምህርት ናሙና ይሆነን ዘንድ የመረጥነው ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዲስ አበባ ራስጌ የሚገኘውን የእንጦጦ ፓርክ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ እንጦጦ ለአዲስ አበባ እንደዚሁ ጦሳ ለደሴ እንደ ሆነው ከተማውን ከላይ የሚመለከት ተራራ ነው። ሁለተኛ፥ ያለፈ ታሪኩ በሚገባ የታወቀ በመሆኑ፥ ገላጭ ድርሰት ከዐይን እይታ በተጨማሪ ምን ማካተት እንደሚገባው ለማሳየት ይመቻል። ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

2. ምንባብ

ወደ እንጦጦ ፓርክ

እንጦጦ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የተዘረጋ ረጅም ሸንተረር ነው። ከከተማው መካከል ተነሥታችሁ ወደዚያ ስትወጡ በሽሮ ሜዳ በኩል ታልፋላችሁ። ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ የሚሸጥባቸው ሱቆች በግራና በቀኝ የተደረደሩበት ሰፈር ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይሆናል። ቤቶቹ እየሳሱ፥ ባሕር ዛፉም እየበዛ ይሄዳል።

አየሩ ወዲያው ይለወጣል። የአዲስ አበባ ከተማ መካከለኛ ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፥ የእንጦጦ ሸንተረር ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀንስ፥ ከከተማው መካከል በሸሚዝ የተነሣ ልጅ ከላይ ሲደርስ የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ያገኘዋል። ስለዚህ ሹራብ ይዞ መውጣት ይገባል።

አየሩ ከመቀዝቀዙም ሌላ ይሳሳል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምንስበው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ያነሰ ይሆናል። ልጆች ሮጠው ቢደክማቸው ጥቂት ቆም ብለው ይበረታሉ። ከእናንተ ጋራ የወጡ አያት ካሉ ግን በዝግታ ይራመዱ፤ በየመካከሉም ጥላ ፈልገው ዐረፍ ይበሉ። በተለይ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ከመውጣቱ በፊት ሐኪም ቢያማክር ይበጀዋል።

ፓርኩ ለሕዝብ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. በመስከረም ወር መጨረሻ ነው። በዛፎቹ መካከል የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተዘርግተዋል። ፈረስ የሚጋለብበት ስፍራ፥ የልጆች መጫወቻ፥ ምግብና ቡና የሚቀርብባቸው ቤቶች፥ እንዲሁም ዚፕ ላይን የሚባለው፥ ሰው በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚንሸራተትበት መጫወቻ ይገኛሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በክፍያ የሚገኙ ናቸው። መራመድና ከዛፍ ሥር መቀመጥ ግን ብዙ ወጪ አይጠይቁም፤ ከቤት በተቋጠረ ምሳ ቤተ ሰቡ ሙሉ ቀን ሊውል ይችላል።

ከአፋፉ ላይ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ደቡብ ብታዞሩ፥ አዲስ አበባ ከግርጌያችሁ ተዘርግታ ትታያችኋለች። በዚህ በኩል የሚወርደው የዝናብ ውሃ በአቃቂ ወንዝ አድርጎ ወደ አዋሽ ይገባል። ከጀርባችሁ፥ በስተሰሜን የሚወርደው ግን ወደ ዐባይ ተፋሰስ ይጓዛል። ስለዚህ በአንድ ሸንተረር ላይ የወረደ አንድ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ወገን በአፋር በረሃ ሲቀር ሁለተኛው ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ያመራል።

ይህ ስፍራ መናፈሻ ከመሆኑ በፊት መናገሻ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በፊት መቀመጫቸውን ያደረጉት በእንጦጦ ላይ ነው። ብርዱ የጸናበት ከፍታ ስለ ነበረ፥ እቴጌ ጣይቱ ከግርጌ የሚፈልቀውን ፍል ውሃ ወደዱ። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ይሁን እንጂ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. በዚያው በእንጦጦ፥ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

ከተማው እየሰፋ በሄደ ቁጥር ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሚቈረጠው እንጨት በዛ። የጥንቱ የጽድና የወይራ ደን ተመነጠረ። የእንጨት እጦቱ እየጠና በመሄዱ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማውን በቦታው ያጸናው ከአውስትራልያ የመጣው ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ ስለ መጣም «ባሕር ዛፍ» ተባለ። ይህ ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ቢቈርጡትም ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል። በአንጻሩ ብዙ ውሃ ስለሚስብና በሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ ስለማይበቅል፥ በኋላ ዘመን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፎች እንዲተካ ታስቦ ጽድ፥ ወይራ፥ ኮሶና የመሳሰሉት ይተከሉ ጀመር።

በዚህ ደን ውስጥ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የሚመላለሱት መንገደኞች ለሽርሽር የወጡ ሰዎች አልነበሩም። ሴቶች ገና ሳይነጋ ተነሥተው ወደ ተራራው ይወጡ ነበር። ቀኑን ቅጠልና ጭራሮ ሲለቅሙ ውለው፥ 30 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ የሚመዝን ሸክም በጀርባቸው አዝለው፥ አጎንብሰው ቁልቁል ይወርዳሉ። ከሸክሙ የሚያገኙት ገንዘብ የልጆቻቸው የዕለት እንጀራ ነበር። ሸክሙ ራሱም በሌላ ሰው ቤት ምጣድ ሥር ገብቶ እንጀራ ይጋግር ነበር።

3. የምንባቡ አሠራር

ምንባቡን መለስ ብላችሁ ተመልከቱ። «ውብ» ወይም «ማራኪ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልገባበትም። ሆኖም ቦታው በዐይነ ሕሊናችሁ ሳይታያችሁ አልቀረም። ይህ የሆነው ጸሐፊው አራት ነገሮችን ስለ ጠበቀ ነው።

አንደኛ፥ ቅደም ተከተል አለው። ምንባቡ ከከተማው ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ አልፎ ወደ አፋፉ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ደቡብና ወደ ሰሜን ያሳያል። አንባቢው በራሱ እግር የሄደ ያህል መንገዱ አይጠፋበትም። ከበሩ ወደ ጫፉ፥ ከጫፉ ወደ ገበያው፥ ከገበያው ተመልሶ ወደ በሩ የሚዘል ድርሰት አንባቢውን ያደክማል።

ሁለተኛ፥ ልክ አለው። «በጣም ከፍተኛ ነው» በማለት ፈንታ 3,000 ሜትር ይላል። «በጣም ይበርዳል» በማለት ፈንታ የ4 ዲግሪ ልዩነት መኖሩን ያስረዳል። ልክ ብቻውንም ደረቅ ነው። ስለዚህ ከልኩ ቀጥሎ ጥቅሙ ይነገራል፤ ሹራብ ያዙ፥ አያት ቀስ ብለው ይራመዱ ይላል። አኀዝ ድርሰት ውስጥ የሚገባው ለሰው የሚበጅ ነገር ሲነግር ነው።

ሦስተኛ፥ ትናንትን ይጠይቃል። ዛሬ የሚታየው ዛፍ ሁልጊዜ በዚያ አልነበረም። ደኑ ጠፋ፥ ባሕር ዛፍ መጣ፥ አሁን ደግሞ አገር በቀሉ ሊመለስ ተጀመረ። ይህን የሚያውቅ ልጅ አዲስ የተተከለ የጽድ ችግኝ ሲያይ በላዩ አይራመድም።

አራተኛና ዋናው፥ ሰውን አይረሳም። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነውና ጥቂት እናስፋፋው።

አንድ ቦታ መናፈሻ ሲሆን፥ ቀድሞ በዚያ ይኖር ወይም ይሠራ የነበረው ሰው ከሥዕሉ ይወጣል። ደን ሲከለል ለጎብኚው የንጹሕ አየር ምንጭ ነው፤ ለጭራሮ ለቃሚዋ ግን የተዘጋ ገበያ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። የደኑን መጠበቅ የሚያደንቅ ጸሐፊ ልክ ነው፤ ሸክም ያጎበጣትን ሴት ሳይጠቅስ ቢያልፍ ግን ውሸት አልጻፈም፥ እውነቱንም ሙሉ አላደረሰም። የገላጭ ድርሰት ጸሐፊ ዳኛ አይደለም፤ «ይህ ይገባ ነበር፥ ያ አይገባም ነበር» ብሎ ለመፍረድ አይቸኩልም። ምስክር ነው፤ ያለውንና የነበረውን አሟልቶ ይናገራል። ፍርዱን ለአንባቢው ይተዋል።

ይህም በእኛ አገር ብቻ የሚደርስ አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ መካከል ሴንትራል ፓርክ የሚባል 341 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው መናፈሻ አለ። ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ በሚባሉ ሁለት ሰዎች ዕቅድ የተሠራ ሲሆን፥ ለሕዝብ መከፈት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። ሣሩ፥ ኩሬውና ድልድዩ በብዙ መጻሕፍት ተደንቋል። ነገር ግን ቦታው መናፈሻ ይሆን ዘንድ 1,600 ያህል ሰዎች ከዚያ እንዲነሡ ተደርገዋል። ከእነርሱም መካከል ሴኔካ በምትባል መንደር የሚኖሩ፥ የገዛ ቤትና መሬት፥ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት የነበራቸው ጥቁር አሜሪካውያን ይገኙ ነበር። መንደሪቱ እ.ኤ.አ. በ1857 ፈረሰች፤ ከዚያም ከመቶ ዓመት በላይ ከብዙ ሰው ትውስታ ጠፍታ ኖረች። መናፈሻውን ያደነቁ ጸሐፊዎች ሁሉ ሐሰተኞች አልነበሩም። ነገር ግን አድናቆታቸው እንደ ሣሩ በመንደሪቱ ላይ በቀለባት። በኋላ ተመራማሪዎች ሰነድ አገላብጠውና መሬት ቈፍረው እስኪገልጧት ድረስ ተሸፍና ቈየች።

ማድነቅ ሊሸፍን እንደሚችል፥ መግለጽ ግን እንደሚገልጥ ከዚህ ተረዱ።

4. ሰዋስው፦ እንደ ቅጽል የሚያገለግል ግሥ

ስምን ከሚያብራሩት ቃላት አንዱ ቅጽል መሆኑን በስምንተኛ ክፍል ተምራችኋል፤ ረጅም ዛፍ፥ ቀዝቃዛ አየር፥ ሰፊ ሜዳ የሚሉት ምሳሌዎች ናቸው። አማርኛ ግን ከእነዚህ ሌላ እጅግ የበለጸገ መሣሪያ አለው። ይኸውም በግሡ ላይ «የ» ወይም «የሚ» እየጨመሩ ግሡን እንደ ቅጽል ማሠራት ነው። አራቱን መልኮች አስተያዩ፦

ሀ) የወደቀ ዛፍ፦ ኀላፊ ነው፤ ዛፉ መውደቁ አልቋል።
ለ) የሚወድቅ ዛፍ፦ ትንቢት ነው፤ መውደቁ ገና የሚመጣ ነው።
ሐ) ያልወደቀ ዛፍ፦ የኀላፊው አሉታ ነው።
መ) የማይወድቅ ዛፍ፦ የትንቢቱ አሉታ ነው።

በ«ሐ» ላይ «አልወደቀም» ከሚለው መጨረሻ «ም» መውደቁን፥ ከፊቱም «የ» ከ«አ» ጋራ ተዋሕዶ «ያ» መሆኑን ልብ በሉ። እንደዚሁም «አጎበጠ» የሚለው ግሥ «የ» ሲጨመርበት «ያጎበጠ» ይሆናል እንጂ «የአጎበጠ» ተብሎ አይነበብም።

በእነዚህ መልኮች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በአንድ መናፈሻ መንገድ ላይ «የወደቀ ዛፍ አለ» የሚል ማስታወቂያ ብታነቡ ዞር ብላችሁ ታልፋላችሁ። «የሚወድቅ ዛፍ አለ» የሚል ብታነቡ ግን ወደዚያ አትቀርቡም፤ ታናናሾቻችሁንም ታስቀራላችሁ። የአንዲት ፊደል ልዩነት የሕይወት ልዩነት ይሆናል።

ይህ መሣሪያ ለገላጭ ድርሰት የሚጠቅምበትን ምክንያት በሚከተሉት ጥንዶች ተመልከቱ፦

ምስኪን ሴት / ሸክም ያጎበጣት ሴት
አስፈሪ መንገድ / በአንድ ጎኑ ገደል የሆነ፥ መከታ ያልተሠራለት መንገድ
ደስ የሚል ጥላ / በቀትር እንኳ ፀሐይ የማያሳልፍ ጥላ

በየጥንዱ የመጀመሪያው ሐረግ የጸሐፊውን አስተያየት ይነግረናል። ሁለተኛው ያየውን ነገር ያሳየናል፤ አስተያየቱን እኛው ራሳችን እንወስዳለን። «ምስኪን» ሲባል አንባቢው እንዲያዝን ይታዘዛል። «ሸክም ያጎበጣት» ሲባል ግን ሳይታዘዝ ያዝናል።

ማስጠንቀቂያ፦ በአንድ ስም ላይ ብዙ ሐረግ አትከምሩ። «ትናንት ከደሴ የመጣው በገበያ የተገዛው አባቴ የሰጠኝ ያልታጠበው ልብስ» የሚል ዓረፍተ ነገር አንባቢውን ስሙ ጋራ ሳይደርስ ያስተነፍሰዋል። ሁለት ሐረግ ይበቃል፤ የቀረውን በሌላ ዓረፍተ ነገር ጻፉት።

5. የቦታ አቀማመጥ ቃላት

ተራራማ አገር የሚኖር ሕዝብ ለተራራ ክፍሎች ብዙ ቃላት አሉት። እነዚህን ለይታችሁ ዕወቁ፦

ግርጌ፦ የተራራ ታችኛ ክፍል፥ እግሩ።
ወገብ፦ በግርጌና በጫፍ መካከል ያለው።
አፋፍ፦ የገደል ወይም የከፍታ ጠርዝ።
ሸንተረር፦ ተያይዞ በረጅሙ የተዘረጋ ከፍታ።
ጉብታ፦ ከሜዳ ጥቂት ከፍ ያለ ስፍራ።
ሸለቆ፦ በሁለት ከፍታዎች መካከል ያለ ዝቅተኛ ስፍራ።
ማዶ፦ ከወንዝ ወይም ከሸለቆ ወዲያ ያለ ስፍራ።

ዳገትና ቁልቁለት ሁለት ቦታዎች አይደሉም። አንዱ መንገድ ለወጪው ዳገት፥ ለወራጁ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ እነዚህን ቃላት ስትጠቀሙ አንባቢያችሁን በየት በኩል እንዳቆማችሁት አስቀድማችሁ ንገሩት።

6. የድርሰት አጻጻፍ መመሪያ

አሁን ዐይናችሁን ከእንጦጦ ወደ ራሳችሁ አካባቢ መልሱ። ደሴ በስተምዕራብ ጦሳ፥ በስተምሥራቅ አዝዋ ገደል አቅፈዋት በመካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታዋ 2,500 ሜትር ያህል ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን የምናገኛት ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ አላት። ልዩነቱ 650 ሜትር ያህል ነው። ይህም ከአዲስ አበባ መካከል እስከ እንጦጦ ሸንተረር ካለው ጋራ የሚቀራረብ ነው። የደሴ ሰው ኮምቦልቻ ሲወርድ ኮቱን የሚያወልቀው፥ የኮምቦልቻ ሰው ደሴ ሲወጣ ጋቢ የሚደርበው በዚህ ምክንያት መሆኑን አሁን ማስረዳት ትችላላችሁ። በደሴና በኮምቦልቻ አልፎ የሚሄደው የቦርከና ወንዝ ደግሞ መጨረሻው አዋሽ ነው። እንግዲህ ከእንጦጦ በስተደቡብ የወረደውና በእናንተ አካባቢ የወረደው ዝናብ በአንድ ወንዝ ይገናኛሉ ማለት ነው።

ቤተ ሰብ ለመዝናናት የሚሄድባቸው ስፍራዎችም አሉ። ከኮምቦልቻ ራስጌ ጽድና ወይራ የሚገኙበት የየጎፍ ደን አለ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ ይገኛል፤ በዚያም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ የታወቀው የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። ከእነዚህ አንዱን ወይም ሌላ የምታውቁትን ቦታ መርጣችሁ፥ ከመጻፋችሁ በፊት የሚከተሉትን ፈጽሙ።

ሀ) ሂዱ፥ ወይም የሄደ ሰው ጠይቁ። ያላያችሁትን ያያችሁ አስመስላችሁ አትጻፉ። ከሰው የሰማችሁትን «የአካባቢው ሽማግሌዎች እንደሚሉት» በማለት ለዩት።

ለ) ለካችሁ መዝግቡ። ከበር እስከ ጫፍ ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? የመጨረሻው ውሃ የሚገኘው የት ነው? ታክሲ ወይም ባጃጅ እስከ የት ያደርሳል? ጥላ በየትኛው ሰዓት በየትኛው በኩል ይውላል?

ሐ) ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። «እማማ፥ እርስዎ ልጅ ሳሉ ይህ ተራራ ምን ይመስል ነበር? ዛፉ ምን ዐይነት ነበር? ከብት የሚሰማራው በየት በኩል ነበር?» በሉ። በትሕትና የጠየቀ ልጅ በመጽሐፍ ያልተጻፈ መልስ ያገኛል። መልሱንም ከተናገሩት ሳትቀንሱ፥ ሳትጨምሩ ጻፉ።

መ) በዚያ የሚሠራውን ሰው እዩ። እናንተ የምታርፉበት ስፍራ ለሌላው የሥራ ቦታ ነው። ጥበቃው፥ እረኛው፥ ቈሎ ሻጩ፥ ጭራሮ ለቃሚዋ፥ ዓሣ አስጋሪው ስለ ቦታው ከጎብኚ ሁሉ ይበልጥ ያውቃሉ።

ሠ) አንባቢያችሁን በሐሳባችሁ ፊት ለፊት አስቀምጡት። ቦታውን ለማያውቅና በእናንተ ቃል ታምኖ ቤተ ሰቡን ይዞ ለሚሄድ ሰው እየጻፋችሁ መሆናችሁን አትርሱ። ዳገቱን ሜዳ ብላችሁ ብትጽፉ የሚደክመው የእርሱ እናት ነው። ገደሉን ሳትጠቅሱ ብታልፉ የሚቀርበው የእርሱ ልጅ ነው።

7. መልመጃ

አንድ። የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1) ከከተማው መካከል በሸሚዝ የተነሣ ልጅ በእንጦጦ ላይ ሹራብ የሚፈልገው ለምንድን ነው?
2) «ባሕር ዛፍ» የሚለው ስም ከምን የመጣ ነው?
3) በእንጦጦ ላይ የወረደ ዝናብ ለሁለት የሚከፈለው እንዴት ነው?
4) «ሸክሙ ራሱም በሌላ ሰው ቤት ምጣድ ሥር ገብቶ እንጀራ ይጋግር ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር በከተማውና በሴቶቹ መካከል ስላለው ግንኙነት ምን ያስረዳል?

ሁለት። የሚከተሉትን ግሦች በአራቱ መልኮች (ኀላፊ፥ ትንቢትና ሁለቱ አሉታዎቻቸው) እንደ ቅጽል አድርጋችሁ ከስም ጋራ ጻፉ።
ምሳሌ፦ ደረቀ፦ የደረቀ ምንጭ፥ የሚደርቅ ምንጭ፥ ያልደረቀ ምንጭ፥ የማይደርቅ ምንጭ።
1) በቀለ   2) ተሰበረ   3) አበበ   4) ተከፈተ

ሦስት። በሚከተሉት ሐረጎች ውስጥ ያሉትን የአድናቆት ቅጽሎች አውጥታችሁ፥ በምትካቸው ነገሩን የሚያሳይ ሐረግ አስገቡ።
1) አስደናቂ ገደል   2) ግሩም ምንጭ   3) አስቀያሚ መንገድ   4) ደግ ሽማግሌ

አራት። በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተወያዩ፦ አንድ ደን ለመናፈሻነት ሲከለል፥ ከዚያ ማገዶ እየለቀሙ ይኖሩ ለነበሩ ሰዎች ምን ሊደረግ ይገባል? አንደኛው ቡድን በደን ጠባቂው፥ ሁለተኛው በጭራሮ ለቃሚዋ ቦታ ሆኖ ይናገር። ከዚያም ቦታ ተለዋወጡና እንደገና ተናገሩ።

አምስት። በመመሪያው መሠረት በአካባቢያችሁ ስላለ አንድ የመዝናኛ ቦታ ከ250 ቃላት ያላነሰ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ የቦታውን ስም በእጃችሁ ሸፍናችሁ ለጓደኛችሁ አስነብቡት። ስሙን ሳያይ ቦታውን ካወቀው ድርሰታችሁ ገልጿል። ካላወቀው ግን አድንቆ ብቻ ቀርቷልና፥ እንደገና ሂዱ፥ እንደገናም ተመልከቱ።